የተማሪ ገንዘብ ትናንትና ዛሬ

ተማሪ በየዘመኑ ገንዘቡን በምን ላይ እንዳዋለ መመርመር የዘመኑን ኑሮ ለማወቅ ይረዳል። ስለዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ይህንኑ ባጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ ዛሬም ፈጽሞ ባልጠፋው፣ ተማሪው ከወላጆቹ ርቆ በመምህሩ ደጅ ጎጆ ቀልሶ ይኖር ነበር። ልብሱ ደበሎ ነው፤ ምግቡን አኩፋዳ አንግቶ በየመንደሩ ለምኖ ያገኛል፤ ቀለሙንም ራሱ ይበጠብጣል። ይህ ተማሪ ለትምህርቱ ያወጣ የነበረው ገንዘብ ሳይሆን ጉልበቱንና ዕድሜውን ነው።

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኮንንም በ1917 ዓ.ም. ከተከፈቱ በኋላ፣ ደብተርና እርሳስ የተማሪ መሣሪያዎች ሆኑ። ይሁን እንጂ የዚያ ጊዜ ዋና ገንዘብ፣ 28 ግራም የሚመዝነው የማርትሬዛ ብር፣ የልጅ ኪስ ገንዘብ አልነበረም። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. በ100 ሳንቲም የሚመነዘረው አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ፣ ስሙኒና ሽልንግ በተማሪ እጅ ገቡ። ስሙኒ የያዘ ልጅ ብስኩት ልግዛ ወይስ እርሳስ እያለ ያመነታ ነበር፤ ሳንቲሙ ከእጁ ሲወጣ ዓይኑ ያየዋልና።

ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ቀስ በቀስ የካርድና የኢንተርኔት ወጪ ተጨመረ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር ደግሞ ገንዘብ በስልክ ላይ የሚታይ ቁጥር ብቻ ሆነ። እንግዲህ ገንዘብ ከዘመን ወደ ዘመን እየቀለለ መጣ፤ በቀለለም መጠን ለማጥፋት የተመቸ ሆነ።

እኔ ራሴ አባቴ በስልክ የላከልኝን 500 ብር በአንድ ሳምንት ጨረስሁ። በምን ላይ እንዳዋልሁት ስጠየቅ ግማሹን እንኳ መናገር ስላልቻልሁ እጅግ አፈርሁ። አባቴ ግን ገንዘቡን የትኛውን ቀን በየትኛው ሥራ እንዳገኘው አንድ በአንድ ያውቃል። ገንዘቡ የቀለለው ለእኔ እንጂ ለእርሱ አልነበረም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ወደ ስሙኒ ዘመን እንመለስ ማለቴ አይደለም። ወጪያችንን የሚሰውረው ስልክ መዝግቦም ይይዘዋል። ስለዚህ በየቅዳሜው ማታ መዝገቡን ከፍተን እንመልከት፤ ወላጆቻችን ሲጠይቁንም ሳናፍር እንመልስ።