ሰውየውና ጫካው፦ አንድ ስም፣ ስንት ታሪክ?

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሁሉ የአድዋ ጦርነት በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ እንዳልተካሄደ ያውቃል። ንጉሡ የራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ ትምህርት ቤቱም የራሱ አለው። ኢንሳይክሎፒዲያ የሚያዘጋጅ ሰው "ሁለቱን በአንድ ርዕስ ላጠቃልላቸው" ቢል እንስቅበታለን። ሰውየው የተፈጥሮ ተመራማሪ፣ በስሙ የተጠራው ደግሞ ጫካ ወይም ፓርክ ሲሆን ግን ብዙዎቻችን ሳቃችንን እናቆማለን። "ያው አንድ ነው፤ ፓርኩን በሰውየው ታሪክ መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር መጥቀስ ይበቃል" እንላለን።

እኔ አይበቃም ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ በካሊፎርኒያው ጆን ሙይርና በስሙ በተጠራው ጫካ በሙይር ዉድስ ላስረዳችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሰውየው። ጆን ሙይር በ1838 ስኮትላንድ ውስጥ ደንባር በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1849 ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1868 ካሊፎርኒያ ደርሶ የዮሰሚቲን ተራሮች ካየ በኋላ ልቡ እዚያው ቀረ። በእግሩ እየዞረ የበረዶ ግግሮችን አጠና፣ ጻፈ፣ ተከራከረ። ዮሰሚቲ በ1890 ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆን ከወተወቱት ሰዎች ዋነኛው እሱ ነበር። በ1892 ሴራ ክለብ የተባለውን ማኅበር ከሌሎች ጋር መስርቶ እስኪሞት ድረስ በፕሬዚዳንትነት መራው። በ1903 ከፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ጋር ዮሰሚቲ ውስጥ ሦስት ሌሊት ውጭ አድሯል።

ልብ በሉ፤ እስካሁን ስለ ጫካው አንድም ቃል አልተናገርኩም። ማንሳትም አላስፈለገኝም።

አሁን ደግሞ ጫካው። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን፣ ማሪን በተባለው አውራጃ ውስጥ፣ ሬድዉድ የሚባሉ ግዙፍ ዛፎች ያሉበት ሸለቆ አለ። ረጅሙ ዛፍ 79 ሜትር ያህል ይደርሳል። አካባቢው ከጥንት ጀምሮ የኮስት ሚዎክ ሕዝብ አገር ነበር። በ1905 ዊሊያም ኬንት የተባለ ባለሀብትና ባለቤቱ ኤልዛቤት 611 ኤከር መሬት በ45 ሺህ ዶላር እዚያ ገዙ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ የውሃ ኩባንያ "ሸለቆውን ገድቤ ውሃ አጠራቅምበታለሁ" ብሎ መሬቱን በፍርድ ቤት ሊያስወስድ ተነሳ። ኬንት ብልህ ሰው ነበርና 295 ኤከሩን ለፌዴራል መንግሥት በስጦታ አስረከበ። የመንግሥትን መሬት ማን ይከሳል? ሩዝቬልትም ጃንዋሪ 9 ቀን 1908 ቦታውን ብሔራዊ ቅርስ ብሎ አወጀ።

ስሙስ? ሙይር ዉድስ ይባል ያለው ራሱ ኬንት ነው። ሩዝቬልት በለጋሹ ስም እንዲጠራ ቢፈልግም ኬንት እንቢ አለ። አምስት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ እነሱ ስሜን ማቆየት ካልቻሉ ይረሳ የሚል መልስ ነበር የሰጠው።

እንግዲህ ሙይር ይህን ጫካ አልገዛውም፣ ከግድብ አላዳነውም፣ ለመንግሥትም አልሰጠውም። የሰጠው ስሙን ብቻ ነው፤ እሱንም ተጠይቆ ሳይሆን ሌላ ሰው መርጦለት። ሁለቱን በአንድ ርዕስ ስር ብናደርጋቸው አንባቢው ምን ብሎ ይወጣል? "ሙይር ያዳነው ጫካ" ብሎ! ውሸት ሳንጽፍ ውሸት አስነበብነው ማለት ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ አያበቃም። ሙይር በሕይወቱ መጨረሻ ላይ የታገለው ትልቁ ትግል ዮሰሚቲ ፓርክ ውስጥ ያለው የሄች ሄቺ ሸለቆ ለሳን ፍራንሲስኮ ውሃ ሲባል እንዳይገደብ ነበር። ተሸነፈ። ግድቡን የፈቀደው ሕግ በዲሴምበር 1913 ሲጸድቅ ከደጋፊዎቹ አንዱ ማን ይመስላችኋል? በዚያን ጊዜ የምክር ቤት አባል የነበረው ዊሊያም ኬንት! በሙይር ስም አንዱን ሸለቆ ከግድብ ያዳነ ሰው፣ ሙይር የሚወደው ሌላው ሸለቆ በውሃ እንዲዋጥ ድምፁን ሰጠ። ሙይር በዓመቱ፣ በዲሴምበር 1914፣ አረፈ። ይህንን ሐቅ ለማየት ሁለቱን ታሪኮች ለየብቻ አቁሞ ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ጫካው ከሙይር ሞት በኋላም ኖሯል። በሜይ 1945 የተባበሩት መንግሥታትን ለመመስረት ሳን ፍራንሲስኮ የተሰበሰቡ ልዑካን፣ ከአንድ ወር በፊት ያረፈውን ፍራንክሊን ሩዝቬልትን ለማሰብ እዚያ ዛፎች ስር ተገኝተዋል። በጉባኤው ከተካፈሉት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያችን ነበረች። ይህን የትኛው የሙይር የሕይወት ታሪክ ውስጥ ታስገቡታላችሁ? ሰውየው ከሞተ 30 ዓመት ሆኖታል!

በ2021 ደግሞ የፓርኩ ሠራተኞች ስለ አመሠራረቱ የሚናገረው ሰሌዳ ላይ የጎደሉ ታሪኮችን ለጠፉ። ስለ ሚዎክ ሕዝብ፣ ከኬንት በፊት ለጫካው ስለተሟገቱ ሴቶች፣ ሙይር ስለ ነባር ሕዝቦች ስለጻፋቸው የንቀት ቃላት፣ ኬንት በእስያ ስደተኞች ላይ ስላራመደው ፖለቲካ የሚናገሩ ነበሩ። በ2025 ተነሱ። ሰሌዳ ይለጠፋል፣ ይነሳል። ስለዚህ ነው ጫካው የራሱ ጽሑፍ ይኑረው የምለው። አለዚያ በስሙ የማይጠሩት ሰዎች የሚጻፉበት ቦታ አያገኙም።

የተቃዋሚዎቼ ሐሳብም ከንቱ አይደለም። በሰው ስም የተጠራ አደባባይና መናፈሻ ሁሉ የራሱ ርዕስ ይኑረው ብንል ኢንሳይክሎፒዲያው በሁለት መስመር ቁርጥራጮች ይሞላል። አንባቢም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲንከራተት ይውላል። ስለዚህ አንድ ቀላል መለኪያ ላቅርብ። ስሙን ከቦታው ላይ ፋቁት። የሚተረክ ነገር ከቀረ ለብቻው ይጻፍ፤ ምንም ካልቀረ ከሰውየው ጋር ይቆይ። ሙይር ዉድስ ስሙ ቢፋቅ እንኳ ገዢው፣ ከሳሹ፣ ለጋሹና ነባሩ ሕዝብ አሉት።

እስቲ እናንተም በሰፈራችሁ በሰው ስም የተጠራ አንድ ቦታ ውሰዱና ስሙን ፋቁት። ምን ቀረ?