ሜዳውን የቀየሰው ሰው ሲወዳደር

ስኮትላንድ ውስጥ ፕረስትዊክ የሚባል የጎልፍ ሜዳ አለ። በ1851 ሜዳውን የቀየሰው ቶም ሞሪስ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1860 የመጀመሪያው «ዘ ኦፕን» ውድድር እዚያው ሲካሄድ ስምንት ተጫዋቾች ቀረቡ። አንዱ ራሱ ቶም ሞሪስ ነበር።

ያኔ ኮረብታ የሚደለድል ማሽን አልነበረም። ቀያሹ የመሬቱን አቀማመጥ ተከትሎ ሠራ። «አልፕስ» በተባለው ጉድጓድ ተጫዋቹ ኳሷን ወደ ባንዲራው ሊያደርስ ሲመታ ፊት ለፊቱ የሚያየው የአሸዋ ኮረብታ ብቻ ነው። ባንዲራው አይታይም። ከኮረብታው ማዶ የሚጠብቀው «ሰሃራ» የተባለ ሰፊ የአሸዋ ወጥመድም አይታይም።

ታዲያ ያን ኮረብታ በየቀኑ የሚወጣ የሚወርድ ሰውና ከሩቅ የመጣ እንግዳ እኩል ናቸው?

በ1860 ከመስልበራ የመጣው ዊሊ ፓርክ ቶም ሞሪስን በሁለት ምት በልጦ አሸነፈ። «እንግዳም ያሸንፋል ማለት ነው» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን እስከ 1872 የተካሄዱት 12 ውድድሮች ሁሉም የተደረጉት ፕረስትዊክ ላይ ነው። ከ12ቱ 8ቱን የወሰዱት ቶም ሞሪስና ልጅነቱን እዚያ ያሳለፈው ልጁ ናቸው። የሁለቱም ችሎታ አያከራክርም። ግን ከድሉ ምን ያህሉ የክንድ፣ ምን ያህሉ የሠፈር ልጅነት እንደሆነ ማን ይለያል? ሚዛኑ ያልተስተካከለ ሜዳ ተሸናፊውን ብቻ አይጎዳም፤ የአሸናፊውንም ድል ያደበዝዛል።

በ1920 ታዋቂው ቀያሽ አሊስተር ማኬንዚ በመጽሐፉ መርሆዎቹን ሲዘረዝር፣ ወደ ባንዲራው የሚመቱ ምቶች በተቻለ መጠን ዒላማቸው የሚታይ እንዲሆን መከረ። ሆኖም በ1927 የአየርላንዱን የላሂንች ሜዳ እንደገና ሲቀይስ፣ ቶም ሞሪስ የተወው «ዴል» የተባለው ጉድጓድ እንደተሸሸገ ቀረ። ዴል በአሸዋ ኮረብታዎች መሀል ተደብቋል። ነገር ግን ከፊት ባለው ኮረብታ ላይ ነጭ ድንጋይ ተቀምጧል። ባንዲራው ቦታ ሲቀይር ድንጋዩም አብሮ ይዛወራል። እንግዳውም የሠፈሩ ልጅም ወደ አንድ ድንጋይ ያነጣጥራሉ። ፕረስትዊክ ደግሞ ደወል አለ፤ ጨርሶ የሚሄደው ቡድን ይደውላል፣ ከኋላ ያለው «መንገዱ ነፃ ነው» ብሎ ይመታል።

እንደ እኔ እምነት፣ ፍትሐዊ ለመሆን ኮረብታውን መናድ አያስፈልግም። ፈተናው ይቆይ። የሚያስፈልገው የውስጥ አዋቂው ብቻ የሚያውቀው አቅጣጫ ለሁሉም እኩል መታየቱ ነው። ግን አንድ ግዴታ አለ፤ ባንዲራው ሲንቀሳቀስ ድንጋዩን የሚያንቀሳቅስ ሰው ያስፈልጋል። ያልተዛወረ ድንጋይ ከነጭራሹ ድንጋይ ካለመኖሩ ይብሳል፤ አምኖ የመታውን እንግዳ ያሳስታል፣ የሠፈሩን ልጅ ግን አያታልለውም።

ጨረታ፣ ፈተና ወይም የሥራ ቅጥር በሚወጣበት ቦታ ሁሉ ይህንኑ መጠየቅ አይከፋም፦ ድንጋዩን ማን ነው የሚያዛውረው? እሱስ ተወዳዳሪ ነው?