ጎተቦርግ (የሸራ መርከብ)

በስዊድኗ ወደብ ጎተንበርግ ከእንጨት የተሠራች ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ። አምሳያዋ ከቻይና ሻይና የሸክላ ዕቃ ጭና ስትመለስ በ1745 (እ.ኤ.አ.) አገሯ ደጃፍ ላይ ከዓለት ተላትማ የሰጠመችው ስመ ሞክሼዋ ናት። አዲሲቱ በ2003 ባሕር ላይ ወረደች፤ በ2005 ወደ ቻይና ተጓዘች። ሞተር ቢኖራትም ሸራዋ የሚሳበው በሰው ጉልበት ነው፤ ከባሕርተኞቿም ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አራት ሰዓት ሠርተው ስምንት ሰዓት ያርፋሉ፤ መኝታቸው ከጣሪያው የሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋ ነው። ተያይዘው የመጡ ጓደኛሞች ተራቸው ከተለያየ፣ አንዱ በውድቅት ሌሊት መሪውን ጨብጦ ሲንቀጠቀጥ ሌላው ታች ያንኮራፋል። ገመድ መሳብ ግን ለብቻ አይሆንም፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ትንፋሽ ይጎትታሉ። መዳፍ መላጡ አይቀርም።