ጎንበስ ብለው የሚገቡበት በር

የጃፓንን የሻይ ሥርዓት ልማር ብሎ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሻይ አያፈላም። የሚሰጠው አንድ የሐር ጨርቅ ነው። ጨርቁን ከመቀነቱ ይመዝዛል፣ ሦስት ማዕዘን አድርጎ ያጥፋል፣ ጫፍና ጫፉን ይዞ ወጠር ያደርጋል፣ ከዚያ አጥፎ ደግሞ አጥፎ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ያደርጋታል። መምህሯ አየት አድርጋ «እስቲ እንደገና» ትላለች። እንደገና ያጥፋል። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ። ጨርቁ የሻዩን ዱቄት መያዣና የቀርከሃ ማንኪያውን ለመጥረግ ነው፤ ዕቃዎቹ ግን ቀድሞውኑ ንጹሕ ናቸው። የሚጠረጉት እንግዳው ፊት፣ እንግዳው እያየ እንዲጠረጉ ነው።

አካሄድም ትምህርት አለው። ታታሚ የሚባለው የገለባ ምንጣፍ ዳርና ዳሩ በጨርቅ የተቀመቀመ ነው፤ ቅምቅማቱን መርገጥ ነውር ነው። መቀመጡ ደግሞ በጉልበት ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እግር ይደነዝዛል፤ ልነሳ ሲል የሚንገዳገድ ጀማሪ እዚያ ቤት ማንንም አያስገርምም። ሻዩ ተመትቶ አረንጓዴ አረፋ ሲያወጣ ጽዋው ለመጀመሪያው እንግዳ ይቀርባል። እንግዳው ግን ወዲያው አንስቶ አይጠጣም። ጽዋውን በራሱና በሚቀጥለው ሰው መካከል ያኖርና እጁን ምንጣፉ ላይ አሳርፎ ጎንበስ ይላል፤ «ኦሳኪ ኒ» ይላል፤ «ልቅደምዎት» እንደ ማለት ነው። ሁለተኛውም ለሦስተኛው እንዲሁ ያደርጋል።

ዛሬ ወደነዚህ ጥበቦች የሚሄደው ሰው ብዙውን ጊዜ ስለ ራሱ ብሎ ነው፤ ሐሳቡ እንዲሰበሰብ፣ ትዕግሥት እንዲማር፣ ከስልኩ ለአንድ ሰዓት እንዲያርፍ። ማስታወቂያውም የሚሸጠው ይህንኑ ነው። ሐሰት ነው አልልም። ታሪኩን ወደ ኋላ ተከትሎ ለሄደ ሰው የሚታየው ግን ሌላ ነው። ሻዩም፣ አበባ መደርደሩም፣ ተቀባብሎ ግጥም መግጠሙም ሰዎች ተሰብስበው የሚሠሯቸው የማኅበር ሥራዎች ነበሩ። ራስን ማነጽ የሚለው ሐሳብ በመነኮሳቱ ዘንድ ቀድሞም ነበረ፤ ለሁሉም ሰው ዋና ምክንያት ሆኖ የቀረበው ግን በኋላ፣ ጌቶች ጠፍተው ተማሪ መፈለግ በመጣ ጊዜ ነው።

ሻይን በተመለከተ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው መነሻ 1191 ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኤይሳይ የተባለ መነኩሴ ከቻይና ሲመለስ የሻይ ዘር ይዞ መጣ። ሻዩ በገዳም የእንቅልፍ ማባረሪያ፣ በመኳንንት ቤት ደግሞ የሀብት መታያ ሆኖ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆየ። መልኩን የለወጡት ነጋዴዎች ናቸው። ሳካይ የምትባለው የወደብ ከተማ ገንዘብ የነበራቸው፣ ማዕረግ ግን ያልነበራቸው ሰዎች የሞሉባት ነበረች፤ ሴን ኖ ሪክዩ በ1522 የተወለደው ከነዚህ ቤተሰቦች በአንዱ ነው።

ሪክዩ ያሳነሰው ክፍሉን ነው። በኪዮቶና በኦሳካ መካከል፣ ያማዛኪ በሚባል ስፍራ፣ እሱ እንደሠራው የሚታመን ታይአን የተባለ የሻይ ቤት ዛሬም ቆሞ አለ፤ ስፋቱ ሁለት ታታሚ ብቻ ነው። አስተናጋጅና እንግዶች ጉልበት ለጉልበት ይገናኛሉ። የእንግዶቹ መግቢያ ደግሞ በር ከሚባል መስኮት ቢባል ይቀላል፤ እንዲህ ያሉ በሮች ብዙዎቹ ከፍታቸው 70 ሳንቲሜትር አይሞላም። በዳዴ ካልሆነ አይገባም። ሰይፍ ታጥቆ መግባትማ አይታሰብም፤ ሰይፉ ውጭ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር መስቀያ አለው። ወፍራሙ ሻይ ሲቀርብ ጽዋው አንድ ነው፤ ሁሉም ከዚያው ተጎንጭቶ፣ አፉ የነካውን ጠርዝ ጠርጎ ለጎረቤቱ ያቀብላል። ያ ዘመን የጦር አለቆች እርስ በርስ የሚተላለቁበት ዘመን ነበር። ሊገዳደሉ የሚችሉ ሰዎች ሰይፋቸውን ውጭ ሰቅለው ከአንድ ጽዋ ሲጠጡ የሚታየኝ የመንፈስ ዕርጋታ ከመሆኑ በፊት የእርቅ ማዕድ ነው።

ነገሩን ግን ከልክ በላይ ማስዋብ አይገባም። የሪክዩ ጌታ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ በወርቅ የተለበጠ፣ እየተነቃቀለ የሚጓጓዝ የሻይ ክፍል የነበረው ሰው ነው። በ1587 መኸር ላይ በኪዮቶ ኪታኖ ቤተ መቅደስ ታላቅ የሻይ ድግስ አወጀ፤ ገበሬም ይሁን ነጋዴ፣ ማፍያ፣ ውኃ መቅጃና ጽዋ ያለው ሁሉ ይምጣ ተባለ። ለአሥር ቀን የታሰበው ድግስ በአንድ ቀን አለቀ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1591፣ ሂዴዮሺ ሪክዩን ራሱን እንዲገድል አዘዘው። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የሪክዩ ምስል በአንድ ገዳም የበር ሰገነት ላይ መቆሙ፣ ጌታውም ከሥሩ ማለፍ ሊኖርበት መሆኑ ነው። ሌሎችን ሁሉ በበር ያጎነበሰ ሰው በበር ምክንያት ሞተ ቢባል ተረት ይመስላል።

የልጅ ልጁ ሴን ሶታን ወንዶች ልጆች ሦስት ቤት መሠረቱ፤ ኦሞቴሴንኬ፣ ኡራሴንኬና ሙሻኮጂሴንኬ። ሦስቱም እስከ ዛሬ ኪዮቶ ውስጥ ጎረቤታሞች ናቸው። ለእኔ የትምህርቱ እውነተኛ ልደት ግን 18ኛው መቶ ዘመን ነው። ሰላም ወርዶ፣ ከተማው ሰፍቶ፣ ጊዜና ገንዘብ ያለው ነጋዴ በዝቶ ነበር። መማር የሚፈልገው ሰው ከክፍሉ በለጠ፤ ሁለት ታታሚ ላይ ማንን አስቀምጠህ ማንን ታስተምራለህ? መምህራኑ መፍትሔ አድርገው ሰባት የቡድን ልምምዶች ቀመሩ። ከነሱ አንዱ ካጌትሱ ይባላል፤ «አበባና ጨረቃ» ማለት ነው። አምስት ሰዎች ስምንት ታታሚ ባለው ክፍል ይቀመጡና ከወረቀት ሣጥን ውስጥ የቀርከሃ ዕጣ ያወጣሉ። አበባ የወጣለት ተነስቶ ሻይ ይመታል፤ ጨረቃ የወጣለት ይጠጣል። አንዱ ጽዋ እንዳበቃ እንደገና ዕጣ ነው። አሁን ጠጪ የነበርከው በሚቀጥለው ደቂቃ አስተናጋጅ ትሆናለህ። ማንም የራሱን ተራ አስቀድሞ ስለማያውቅ የሁሉንም ሥራ ማወቅ፣ የሁሉንም እጅ መከታተል ግድ ይሆንበታል። ራስን መርሳት በስብከት ሳይሆን በዕጣ የሚመጣበት ዘዴ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

በዚያው ዘመን የጠነከረው ሌላው ነገር የኢዬሞቶ ሥርዓት ነው። ኢዬሞቶ የቤቱ አለቃ ነው፤ ሥልጣኑ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። መምህር ያስተምራል፣ ፈቃድ የሚሰጠው ግን አለቃው ነው፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ የፈቃድ ወረቀት አለ፣ ለወረቀቱም ክፍያ አለ። ተማሪው መምህር ሲሆን የራሱን ተማሪዎች ያመጣል፣ የነሱም ክፍያ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ንግድ ነው ብለው የሚያማርሩ ጃፓናውያን ጥቂት አይደሉም፤ እኔም ልከላከልለት አልቸኩልም። ያለዚህ መዋቅር ግን አንዲት የገጠር ከተማ መምህር ዛሬ እጇን የምታንቀሳቅስበትን መንገድ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ከነበሩ ሰዎች ልትቀበል ባልቻለች ነበር። ልምምድን የሚጠሩበት ቃል ኬይኮ ነው፤ ፊደሎቹ ሲፈቱ «የጥንቱን ማሰላሰል» ይላሉ። ዜማ ቤት ከርሞ የመጣ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ከዚያ 1868 መጣ። አገሩን ይገዛ የነበረው የጦር አለቃ፣ ሾጉኑ፣ ወረደ፤ ቀጥሎም መሳፍንቱ ግዛታቸውን አጡ፤ የሻይ መምህራን የሚተዳደሩት በነሱ ቀለብ ነበርና አብረው ወደቁ። አዲሱ መንግሥት ፊቱን ወደ ባቡርና ወደ መድፍ አዙሮ ነበር። ሻይን ከመዝናኛ ጋር ሊመድበው ሲል የኡራሴንኬው አለቃ ጌንጌንሳይ ተቃውሞ ጻፈ፤ ሻይ ጨዋታ አይደለም፣ የሰው ምግባር ማነጫ ነው አለ። በዚያው ዓመት፣ በ1872፣ በኪዮቶ ለተደረገው ኤግዚቢሽን፣ ጉልበታቸው ለማይታጠፍላቸው የውጭ እንግዶች ብሎ በወንበርና በጠረጴዛ የሚቀርብ ሥርዓት አወጣ። ጥንታዊ ነው የሚባለው ነገር ይህን ያህል በችግር የተገፋ፣ ይህን ያህል ብልህ ነበር።

ያዳኑት ግን ሴቶች ናቸው። እስከዚያ ዘመን ሻይ በአብዛኛው የወንድ ጉዳይ ነበር። በ1875 አቶሚ ካኬይ በቶኪዮ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ስትከፍት ሻይን በትምህርት ውስጥ አስገባች፤ ሌሎችም ተከተሏት። ከሁሉ የምትገርመኝ ኒጂማ ያኤ ናት። በ1868 የአይዙ ምሽግ ሲከበብ ፀጉሯን ቆርጣ፣ ስፔንሰር ጠመንጃ አንግታ ስትተኩስ የነበረች ሴት ናት፤ በኋላ የዶሺሻ ትምህርት ቤት መሥራች ሚስት ሆነች፣ ባሏ ሲሞት ነርስ ሆና አገለገለች፣ በመጨረሻም ሶቺኩ የሚል የሻይ ስም ተቀብላ በኪዮቶ ሴቶችን አስተማረች። የሙሽራ ማሠልጠኛ ነው ተብሎ የተናቀው የሻይ ትምህርት ለብዙ ሴቶች በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው ስም ገቢ የሚያገኙበት ሙያም ነበር።

የትግሉም ጥበብ በዚሁ ዘመን ስሙን ቀየረ። ካኖ ጂጎሮ አካሉ ደቃቃ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነበር። በ1882 ኤይሾጂ በሚባል የቶኪዮ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ 12 ታታሚ ላይ፣ ዘጠኝ ተማሪዎች ይዞ ኮዶካንን ከፈተ። ጁጁትሱ የነበረውን ጁዶ አለው፤ «ጁትሱ» ብልሃት ነው፣ «ዶ» መንገድ። ዳን የሚባለውን ደረጃ ጎ ከሚባለው የገበታ ጨዋታ ወስዶ በ1883 ለሁለት ተማሪዎቹ የመጀመሪያውን ዳን ሰጠ። ጁዶ ለመማር የመጣ ሰውም በመጀመሪያው ቀን ማንንም አይጥልም፤ የሚማረው መውደቅ ነው። አገጭ ወደ ደረት፣ ክንድ ምንጣፉን ጧ! እንደገና። ከዚያ በኋላም ብቻህን የምትማረው መጣል የለም፤ ለመጣል ገላውን የሚያውስህ ሰው ያስፈልጋል፣ አንተም በተራህ ታውሰዋለህ። ካኖ በኋላ ያወጣው መመሪያ ራስና ሌላው ተረዳድተው አብረው ይልሙ የሚል ነው፤ ምንጣፉ ላይ ላየው ሰው ግን ፍልስፍና ሳይሆን የሥራው ጠባይ ነው።

ማኅበር ሁሌ ደግ አይደለም፤ ጥበቦቹ ለጦርነትም ተሰልፈዋል። በ1895 የተቋቋመው ታላቁ የጦር ጥበባት ማኅበር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመንግሥት መሣሪያ ሆኖ በ1946 ፈረሰ፤ አሜሪካኖች የያዟት ጃፓን በትምህርት ቤት ጁዶ እንዳይሰጥ ከልክላ እስከ 1950 ቆየች። በዚያው ጦርነት በአሜሪካ 120,000 ያህል ጃፓናውያንና የጃፓን ተወላጆች ከቤታቸው ተነቅለው በሽቦ በታጠሩ ካምፖች ታጎሩ። ማንዛናር ካምፕ ውስጥ ዶጆ፣ ማለትም የጁዶ መለማመጃ ቤት፣ ሠሩ። ቱሊ ሌክ የተባለው ሌላው ካምፕ የቆመው በደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ ስለነበር አፈሩን እየቆፈሩ ጥቃቅን ዛጎሎች ለቀሙ፤ አጥበው፣ ቀለም ቀብተው የአበባ ጌጥ ሠሩባቸው። የአበባ አደራደርና የብዕር ጽሕፈት ክፍሎችም ተከፈቱ። እዚያ የነበሩት አሮጊቶች «ራሴን ላሳድግ» ብለው እንዳልሄዱ እገምታለሁ፤ ማክሰኞ ከሰዓት የሚጠብቃቸው ሰው እንዲኖር ነው የሄዱት።

በ1964 ጁዶ ኦሊምፒክ ሲገባ ቶኪዮ ነበር። እኛ ቶኪዮን የምናስታውሳት በአበበ ቢቂላ ነው፤ ኦክቶበር 21 ቀን ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። ከሁለት ቀን በኋላ በዚያችው ከተማ ሆላንዳዊው አንቶን ሄሲንክ ካሚናጋ አኪዮን በገዛ አገሩ ሰው ፊት ምንጣፍ ላይ ይዞ አሸነፈው። አዳራሹ ዝም አለ። የሆላንድ ደጋፊዎች በደስታ ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ሲሉ ሄሲንክ እጁን ዘርግቶ መለሳቸው። ጃፓኖች ከሽንፈቱ ይልቅ ያን እጅ ዘርግቶ ማስቆሙን ይተርኩታል፤ ጁዶን ከጃፓን ውጭ ያለ ሰው ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱንም ሊማረው እንደሚችል ያዩት ያኔ ነውና።

ታዲያ «ብቻን ራስን ማግኘት» የሚለው ስሜት እንዲህ የገነነው ከየት ነው? አንዱ ምንጭ ኦይገን ሄሪገል የተባለ ጀርመናዊ ነው። ከ1924 ጀምሮ በሴንዳይ ፍልስፍና እያስተማረ ከአዋ ኬንዞ ዘንድ ቀስት ተማረ፤ በ1948 ያሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ዓለምን ዞረ። ቀስቱን የሚለቀው ተኳሹ ሳይሆን «እሱ» ነው የሚለው ምሥጢራዊ አነጋገር የመጣው ከዚያ ነው። ያማዳ ሾጂ የተባለ ተመራማሪ በኋላ ጉዳዩን ሲመረምር ሄሪገል ጃፓንኛ እንደማይችል፣ ወሳኝ ከተባሉት ንግግሮችም አስተርጓሚ በሌለበት የተደረገ እንዳለ አሳየ፤ መምህሩ «እንዲህ ነው፣ ገባህ!» ብሎት ሊሆን ይችላል ባይ ነው። ሄሪገል ወደ አገሩ ተመልሶ የናዚ ፓርቲ አባል መሆኑንም መጥቀስ ይገባል። ስለ ራስ መጥፋት የጻፈ ሰው መሆኑ ከዚያ አላገደውም።

የኪንትሱጊም ነገር እንዲሁ ነው። የተሰበረ ሸክላ በወርቅ ሲጠገን የሚያሳየው ሥዕል የቆሰለ ልብ ምሳሌ ሆኖ በየግድግዳው ተሰቅሏል። ሥራው ግን ሌላ ነው። የሚያጣብቀው ከዛፍ የሚቀዳ ኡሩሺ የሚባል ሙጫ ነው፤ ቆዳ ከነካ ያሳክካል፣ ያቆስላል። የሚደርቀው በፀሐይ ሳይሆን እርጥበት ባለው ሣጥን ውስጥ ነው፤ ይቀባል፣ ሳምንት ይጠበቃል፣ ይፋቃል፣ እንደገና ይቀባል። ወርቁ የመጨረሻው ቀን ሥራ ነው።

ዛሬ በጃፓን የሻይ ተማሪው ቁጥር እየቀነሰ፣ መምህራኑም እያረጁ ናቸው። ግን አሁንም በአንዱ ቤት አንድ ጀማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግድነት ይጠራል። የት እንደሚያስቀምጡት ቀድሞ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ቦታ ለአዋቂ ነው፤ ከአስተናጋጁ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። የመጨረሻውም ለአዋቂ ነው፤ ዕቃ የሚሰበስበው፣ የሚያቀባብለው እሱ ነው። ጀማሪው መሐል ይገባል። ከእሱ በፊት ያለችው ሴት ጽዋውን አንስታ ሁለት ጊዜ ስታዞረው ሰረቅ አድርጎ ያያል። ጽዋው ደረሰው። እግሩ ደንዝዟል፤ ቃሉ ጠፍቶበታል። ከወዲያ በኩል ያሉት አዛውንት እንዳላዩ ሆነው በሹክሹክታ ያስታውሱታል። እሱም ወደ እሳቸው ዞሮ ጎንበስ ይላል፤ «ኦሳኪ ኒ»።