አሳቲግ ደሴት፦ በባሕር ዳርቻ ፓርክ ካራቫን ይዞ ለማደር ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግዛቶች የተዘረጋው አሳቲግ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቀጭን የአሸዋ ደሴት ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚርቅ፣ በዚያ አካባቢ ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ካራቫን ጎትተው ወይም ድንኳን ይዘው በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ሊያድሩባቸው ከሚችሉ ቅርብ ስፍራዎች አንዱ ነው።

ማዕበል ያስቀረው ከተማ

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ) ባለሀብቶች ደሴቱን ሸንሽነው በሺህዎች የሚቆጠሩ የመኖሪያ ቦታዎችን ለሽያጭ አቅርበው፣ መንገድም ዘርግተው ነበር። በማርች 1962 የተነሣው ኃይለኛ ማዕበል ግን መንገዱን ቆራርጦ፣ አብዛኞቹን ቤቶች አፈራረሰ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በሴፕቴምበር 1965፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በፈረሙት ሕግ ደሴቱ በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የሚተዳደር የተጠበቀ የባሕር ዳርቻ ሆነ።

ማደሪያው

በፓርኩ ውስጥ ካራቫን የሚቆመው በሜሪላንድ በኩል ብቻ ነው። በውቅያኖሱ ወይም በባሕረ ሰላጤው በኩል ማደር ይቻላል። በፓርኩ ማደሪያዎች ከካራቫን ጋር የሚገናኝ የኤሌክትሪክም ሆነ የውኃ መስመር የለም፤ የመታጠቢያው ውኃም ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ባትሪን ሞልቶ፣ ውኃን ቀድቶ መምጣት ያስፈልጋል። ጄኔሬተር የሚፈቀደው በተወሰኑ ሰዓታት ነው። ኤሌክትሪክ የግድ የሚሆንባቸው መንገደኞች በዚያው ደሴት ወደሚገኘው የሜሪላንድ ግዛት ፓርክ ቢሄዱ ጥቂት የኤሌክትሪክ መስመር ያላቸው ቦታዎችን ያገኛሉ። በሞቃቱ ወቅት ቦታው ቶሎ ስለሚያዝ፣ ከወራት በፊት ማስመዝገብ ይመከራል።

ነፋሱ ብርቱ በመሆኑ የካራቫን መጋረጃ ተዘርግቶ ሊተው አይገባም። ድንኳን የሚተክሉም ለአሸዋ የሚሆን ረጅም ካስማ ያስፈልጋቸዋል። ትንኝ፣ ተናካሽ ዝንብና መዥገር ስለሚበዙ መከላከያ ቅባትና ረጅም ልብስ መያዝ ይበጃል።

ባለቤት የሌላቸው የሚመስሉ ፈረሶች

ደሴቱ በይበልጥ የሚታወቀው በነጻነት በሚንቀሳቀሱ ፈረሶቹ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአጥር ሕግንና የከብት ግብርን ለመሸሽ ገበሬዎች ካመጧቸው እንስሳት እንደተወለዱ ይታመናል። በግዛቶቹ ድንበር ላይ ያለው አጥር በሁለት መንጋ ይከፍላቸዋል። የሜሪላንዱን መንጋ ፓርኩ ሲያስተዳድር፣ የቨርጂኒያው የቺንኮቲግ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ንብረት ነው።

ፈረሶቹ ለማዳ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ይናከሳሉ፣ ይራገጣሉም። ቢያንስ 12 ሜትር ያህል መራቅ ግዴታ ነው። መመገብም ሆነ መዳሰስ በሕግ ያስቀጣል። ክልከላው ለሰው ደኅንነት ብቻ የወጣ አይደለም። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ፈረስ ወደ መንገድ ይወጣል፤ በዚህ ሳቢያ በመኪና ተገጭተው የሞቱ አሉ። ስለዚህ ምግብ በጠረጴዛ ላይ ሳይተው፣ በተቆለፈ መኪና ወይም ካራቫን ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ለሕይወት የሚያሰጉ ሁለት ነገሮች

የመጀመሪያው ከባሕሩ ዳር ወደ ጥልቁ የሚጎትተው የውኃ ጅረት ነው። በዚህ ጅረት የተያዘ ሰው በቀጥታ ወደ ዳር ለመመለስ ከታገለ ይደክማል። ሳይደናገጥ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን እየዋኘ ከጅረቱ መውጣት፣ ከዚያም ወደ የብስ ማቅናት አለበት። ዋና የማይችሉና ሕፃናት ነፍስ አድን ሠራተኞች ከሌሉበት ስፍራ ባይገቡ ይመረጣል።

ሁለተኛው ከሰል ነው። ቡና ለማፍላትም ሆነ ለመሞቅ በካራቫን ወይም በድንኳን ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ሽታም ቀለምም በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊገድል ይችላል። መስኮት መክፈት በቂ መከላከያ አይደለም። ምድጃው ሁልጊዜ ውጭ፣ ለእሳት በተፈቀደው ቦታ መሆን ይኖርበታል። ፍሙ የጠፋ ቢመስልም ወደ ውስጥ መግባት የለበትም። የሚሠራ የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም በካራቫኑ ውስጥ ሊኖር ይገባል።

ማዕበል ሲያይል መንገዶችና ማደሪያዎች ሊዘጉ ስለሚችሉ፣ ከመነሣት በፊት የዕለቱን የአየር ትንበያና የፓርኩን ማሳሰቢያ መመልከት ያስፈልጋል።