ከጋፋት እቶን እስከ ጥርሳችን ጉድጓድ

ጋፋት ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን ሴባስቶፖል ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በዚህች መንደር እነ ዋልድማየርና ዛልሙለር በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ማዕድን አቅልጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፍ አፈሰሱ። ዛሬ ግን የመድፍ ወሬ አላመጣንም። በዚያው ዘመን በባሕር ማዶ ያሉ የጥርስ ሐኪሞችም ማዕድን እያቀላቀሉ ነበር፤ እነሱ የሚሞሉት የሰውን ጥርስ ጉድጓድ ነው።

ደጋውም የራሱ ነበረው፦ የድድ ንቅሳት። ጥላሸት በመርፌ ወይም በእሾህ እየተወጋ ድድ ውስጥ ይገባል። ድድን ያጠነክራል፣ ጥርስንም ያሳምራል ይባል ነበር። ማሳመሩስ እውነት ነው፤ ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ነጥቶ ይታያል። ጥላሸት ካርቦን ነው። ሰውነት ሊያሟሟው ስለማይችል የሰውነት መከላከያ ሴሎች ውጠው እዚያው ይይዙታል፤ ዕድሜ ልክ የሚቆየውም ለዚህ ነው። አደጋው የነበረው ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ በምትዞረው መርፌ ላይ ነው፦ ቴታነስ፣ የጉበት ቫይረስ፣ በኋላም ኤችአይቪ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሚገባው ነገርና የሚገባበት መንገድ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ወደ ሐኪሞቹ እንመለስ። ሙሌታቸው አማልጋም ይባላል። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ ነው፤ ሌላው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ። እ.ኤ.አ. በ1833 ክሮኩር የሚባሉ ወንድማማቾች ኒው ዮርክ ይዘውት ገቡና የበሰበሰውን ጥርስ በወጉ ሳያጸዱ ይጠቀጥቁት ጀመር። ሐኪሞች ተቆጡ። በ1840ዎቹ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱን «አማልጋም አልነካም» ብሎ አስማለ፤ ጠቡም ሳይበርድ ማኅበሩ ራሱ በ1856 ፈረሰ። እዚህም ጥፋቱ የባዜቃው ብቻ አልነበረም፤ የእጁም ጭምር ነበር። በ1895 ግሪን ብላክ የተባለው ሐኪም ቅመማውን ካስተካከለ በኋላ አማልጋም ዓለምን ሞላ።

ታዲያ መርዝ ነው? ስናኝክ ጥቂት የባዜቃ ትነት ይወጣል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2020 ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና የኩላሊት ሕመምተኞች ቢቻል ሌላ ሙሌት እንዲጠቀሙ መከረ። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ ከጥቂት የሕክምና ምክንያቶች በቀር ከለከለው። ይህን አንብባችሁ ግን ደህናውን ሙሌት ለማስወጣት እንዳትሮጡ! ሲፈለፈል የሚወጣው ትነት ይብሳል።

የባዜቃ ጣጣ አፍ ውስጥ አያልቅም። ከክሊኒክ ቧንቧ ወደ ወንዝ ከገባ፣ በውኃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ባሰ መርዝ ይለውጡትና በዓሣ ሥጋ ውስጥ ይከማቻል። ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ የሚገቡት ጣና ነው። የጣናን ዓሣ የሚበላው ማን እንደሆነ እናውቃለን።

አማራጭ አለ። ግላስ አዮኖመር የሚባለው ሙሌት ባዜቃ የለውም፤ ከጥርስ ጋር ራሱ ይጣበቃል፣ ፍሎራይድም ይለቃል። ጥንካሬው ግን የአማልጋምን ያህል አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ፣ ያለ መብራትና ያለ መሰርሰሪያ፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ የተበላሸውን ጠርጎ በእንዲህ ዓይነት ሙሌት የመድፈን ዘዴ ተጀመረ። መብራት ላልደረሰው የጉና ሥር ቀበሌ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ነጩ ኮምፖዚትም ቢሆን እንከን የለሽ አይደለም፤ በብርሃን በደንብ ካልደረቀ የሚተርፈው ኬሚካል አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል።

እኛ የከተማ ልጆች የእናቶቻችንን ንቅሳት «ኋላ ቀር» ብለን እንስቃለን፤ ክሊኒክ ስንገባ ግን አፋችንን ከፍተን ዝም ነው። እናቶቻችን ቢያንስ ድዳቸው ውስጥ የገባው ጥላሸት መሆኑን ያውቁ ነበር። እኛም እንጠይቅ፦ ዶክተር፣ የምታስገባልኝ ምንድን ነው? መሣሪያው ተቀቅሏል? ትርፍራፊውስ የት ይደፋል?