ስለቱ የእናት፣ ዕዳው የልጃገረድ

በጉለሌ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ወደ ጫኑባት ወደ ርእሰ አድባራት እንጦጦ ማርያም፣ ወር በገባ በ21 ጧፍና ጃንጥላ ይዘው ከሚወጡት ሴቶች ብዙዎቹ የሚሳሉት ስለ ማሕፀናቸው ፍሬ ነው፤ ልጅ እንድትሰጣቸው፣ የሰጠቻቸውንም እንድታኖርላቸው። ይህን የእናቶች ስለት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የታሪካቸው ሥር አድርገው ስለ ተከሉት፣ በድርሰታችን የሴት ልጅ ፍቅርና ሃይማኖት የተገናኙበትን ሥፍራ የሚሻ አንባቢ ከዚያው መጀመር ይገባዋል።

በልቦለዱ የጎጃሟ ውድነሽ በጣሙ፣ ሕፃን ልጇ በዛብህ ሕመም ቢጸናበት፣ ከዳነ ሚስት ሳያገባ ዕድሜውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ከባሏ ጋር ብፅዓት ገባች። በእኛ ሥርዓት ቄስ አግብቶ ይቀድሳልና፣ ይህ ብፅዓት ከክህነት ይልቅ ወደ ምንኩስና ያደላ፣ እጅግ የከበደ ነበር። ልጁ ድኖ፣ ቅኔ ተቀኝቶ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር በገባ ጊዜ ግን፣ ስለቱ ሲሳል በቦታው ያልነበረች፣ ፈቃዷንም ያልተጠየቀች ልጃገረድ የዚያ ስለት ባለዕዳ ሆነች፤ በዚህ ላይ አባቷ ጠያቂዎቿን ሁሉ በዘር አይመጥኑንም እያሉ ሲመልሱ ወጣትነቷን አሳልፈውባታል።

በርቀት ያለችው ብራዚልም ይህን መሰል ታሪክ አላት። ማሻዶ ደ አሲስ በ1899 እ.ኤ.አ. በታተመው «ዶም ካስሙሮ» በተባለው መጽሐፉ፣ የመጀመሪያ ልጇ የሞተባት እናት ተከታዩ ወንድ ሆኖ ቢተርፍላት ለክህነት ልትሰጠው ትሳላለች፤ ካፒቱ የምትባለው የጎረቤት ልጅ ደግሞ ልጁን ትወዳለች። በዚያ አገር ዕዳው በምትክ ተከፈለ፤ አንድ ወላጅ አልባ ልጅ በእርሱ ፈንታ ለክህነት ተሰጠና ሁለቱ ተጋቡ። ነገር ግን ታሪኩን የሚተርከው ባልዬው ብቻ ስለ ሆነ፣ በዝሙት ጠርጥሮ ወደ ስዊዘርላንድ ሲያሰናብታት የካፒቱን ልብ አንባቢ ከከሳሿ አንደበት በቀር የሚሰማበት መንገድ የለውም።

ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩ የቤተ ክህነት ልጅ ሲሆኑ፣ ለሰብለ ወንጌል ከዚህ የላቀ ፍርድ ሰጥተዋታል። በብዙ ገድላት ሴት ለመናኙ የሰይጣን ወጥመድ ሆና ስትቀርብ፣ እርሳቸው የልጅቱን ናፍቆት ያለ ነቀፌታ፣ እንደ ንጹሕ ነገር ጻፉት፤ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜም ፊደል ላልቆጠሩት ሴቶች ሳይቀር ደረሰ።

በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ ከአባቷ ቤት የጠፋችው ሰብለ፣ በዛብህን በሞት አፋፍ ላይ አግኝታ ከቀበረችው በኋላ በእርግጥ መነኮሰች። ይህን ቆብ እኔ እንደ ሽንፈት አላነበውም፤ የበዛብህን ብፅዓት እናትና አባቱ ገቡለት፣ የእርሷን ትዳር አባቷ ሊወስኑላት ፈለጉ፣ ምንኩስናዋን ግን እርሷው ስለ ወደደችው ሰው ብላ መረጠችው፤ ሐዲስም የወንድና የሴትን ፍቅር ቆብ ሊያስደፋ የሚበቃ አድርገው በማቅረባቸው፣ ከተማሩበት ጉባኤ ቤት ሳይለዩ ከዚያ በፊት ተደፍሮ ያልተነገረውን ነገር ተናገሩ።